ክሪስታ ቮልፍን ለማንበብ፦ የተጻፈበትንና የታተመበትን ቀን አብሮ መያዝ

በጁን 1990 በጀርመን የመጻሕፍት መደብሮች አንድ ቀጭን መጽሐፍ ለሽያጭ ቀረበ። ደራሲዋ የምሥራቅ ጀርመኗ ክሪስታ ቮልፍ ናት፤ ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የሚቀረው» ይሆናል። ታሪኩ በምሥራቅ በርሊን የምትኖር የአንዲት ጸሐፊ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ጸሐፊዋ ማለዳ ተነሥታ በመስኮት ስትመለከት ከቤቷ ማዶ መኪና ቆሟል፤ በመኪናው ውስጥ ወጣት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ የመንግሥት ደኅንነት ሰዎች መሆናቸውን እሷ ታውቃለች፣ እነሱም ማወቋን ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው፣ በስልክ የምትናገረውና ሳትናገር የምትተወው ሁሉ ከዚያ መኪና ጋር የተያያዘ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀኖች ታትመዋል፦ ጁን–ጁላይ 1979 እና ኖቬምበር 1989። መጽሐፉ እንደ ወጣ በጀርመን ጋዜጦች ላይ ወራት የፈጀ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩን ያቀጣጠለውም በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው የዐሥር ዓመት ክፍተት ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ቮልፍን በጀርመንኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ትርጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንበብ ላሰበ ሰው ነው። የምመክረው ዋና ነገር አንድ ነው። የትኛውንም መጽሐፏን ሲከፍቱ መቼ እንደተጻፈና መቼ አንባቢ እጅ እንደገባ አስቀድመው ይለዩ፤ በሁለቱ መካከል በእነማን እጅ እንዳለፈም ይጠይቁ። በሶሻሊስቷ ጀርመን የአንድ ደራሲ የሥራ ሕይወት ትልቁ ክፍል ያለፈው በዚያ መካከል ስለሆነ፣ ክፍተቱን የዘለለ አንባቢ መጽሐፉን ጨርሶ ደራሲዋን ሳያገኛት ይቀራል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የመጻሕፍቱን ርእሶች ወደ አማርኛ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ።

ሕይወቷን ምን ያህል ማወቅ ያስፈልጋል?

ቮልፍ የተወለደችው ማርች 18 ቀን 1929 በቫርቴ ወንዝ ዳር በምትገኘው በላንድስበርግ ነው፤ ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። ወላጆቿ የምግብ ሸቀጥ መደብር ነበራቸው። እንደ እኩዮቿ ሁሉ የሂትለር የልጃገረዶች ማኅበር አባል ሆና አደገች፤ በጃንዋሪ 1945 የሶቪየት ጦር ሲቃረብ ቤተሰቧ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ በሜክለንቡርግ ዐረፈ። ዕድሜዋ 16 ዓመት ሲሞላ፣ እስከዚያ ድረስ የተማረችውና ያመነችበት ሁሉ የወንጀለኞች ትምህርት ሆኖ አገኘችው። በ1949፣ ምሥራቅ ጀርመን እንደ መንግሥት በተመሠረተችበት ዓመት፣ የገዢው ፓርቲ አባል ሆነች፤ በየና እና በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲዎች የጀርመን ሥነ ጽሑፍ አጠናች፤ በ1951 ጌርሃርድ ቮልፍን አገባች፤ ከዚያም በደራሲያን ማኅበር፣ በማኅበሩ መጽሔትና በአሳታሚ ድርጅቶች ውስጥ በአርታዒነት ሠራች። የሞተችው ዲሴምበር 1 ቀን 2011 በበርሊን ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን አጥብቀው ይያዙ፦ ሶሻሊዝምን በግድ የተቀበለች ሰው አልነበረችም። በልጅነቷ ከተማረችው ለመራቅ የምትችለውን ያህል የራቀችበት መንገድ ሶሻሊዝም ነበር፤ ለእሷና ለብዙ የዘመኗ ወጣቶች ፀረ ፋሺስት መሆንና ሶሻሊስት መሆን አንድ ነገር ነበሩ። በሃምሳዎቹ ዓመታት የጻፈቻቸው ሂሶችም የጽኑ ፓርቲ አባል ሂሶች ናቸው። ይህን ያልያዘ አንባቢ በየገጹ «ለምን ወደ ምዕራብ አልሄደችም?» እያለ ይደናቀፋል። መጻሕፍቷ ግን ከዚያ ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ የራሴ ብዬ የተቀበልኩት መንግሥት እንደ ባላጋራ ሲያየኝ ምን ብዬ እጽፋለሁ ነው ጥያቄው።

አንድ ረቂቅ መጽሐፍ እስኪሆን

በምሥራቅ ጀርመን ሳንሱር የሚባል መሥሪያ ቤት አልነበረም። የ1949ኙ ሕገ መንግሥትም የፕሬስ ሳንሱር እንደማይኖር በግልጽ ይደነግግ ነበር። የነበረው «የኅትመት ፈቃድ» ነው። ደራሲው ረቂቁን ለአሳታሚው ይሰጣል፤ የአሳታሚው አርታዒ ከደራሲው ጋር ተቀምጦ ገጽ በገጽ ይነጋገራል፤ ቀጥሎ ረቂቁ ለውጭ ገምጋሚዎች ይላካል፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ሌሎች ደራሲያን ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ግምገማቸው ከረቂቁ ጋር ተያይዞ በባህል ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የኅትመትና የመጻሕፍት ንግድ ዋና መምሪያ ይሄዳል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ከዚያ ነው። ነገሩ ከበድ ካለ ፋይሉ ወደ ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ይወጣል። ፈቃድ ከተገኘ በኋላም ወረቀት በኮታ የሚደለደል ስለሆነ፣ አንድን መጽሐፍ ሳይከለክሉ ጥቂት ቅጂ ብቻ አሳትሞ እንዳይታይ ማድረግ ይቻል ነበር።

በደርግ ዘመን ረቂቁን ለሳንሱር አስገብቶ የጠበቀ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ይህን አሠራር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በምሥራቅ ጀርመን ሥራው በአብዛኛው የሚካሄደው በድርድር ነበር፤ መጽሐፉን ያዳነው አርታዒና መጽሐፉን የቆረጠው አርታዒ አንድ ሰው ሊሆን ይችል ነበር፤ ገምጋሚው ረቂቁን ለማሳለፍ ሲል ከእውነቱ ይልቅ ጉዳት የሌለው እንዲመስል አድርጎ ሊገመግመው ይችል ነበር። ቮልፍ ራሷ አርታዒ ስለነበረች ይህን መንገድ ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች። ስለዚህ ከመጽሐፎቿ ውስጥ አንድ ደብዛዛ ዐረፍተ ነገር ሲያገኙ ደራሲዋ ሰንፋ ነው ብለው አይለፉት፤ ከእነማን ጋር ተከራክራ ያተረፈችው ሊሆን ይችላልና።

የመጀመሪያው መጽሐፍ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ስለ ትሮይዋ ነቢይት በሚተርከው በ«ካሳንድራ» ነው፤ በውጭ አገር ይበልጥ የሚታወቀው እሱ ስለሆነ። እኔም የጀመርኩት በዚያ ነበር፤ የትሮይን ታሪክ አንብቤ ስጨርስ ስለ ጥንት ግሪክ እንጂ ስለ በርሊን ምንም የተረዳሁት ነገር አልነበረም። የምመክረው «የተከፈለው ሰማይ» በተባለው የ1963 ልቦለድ መጀመርን ነው።

ይህ መጽሐፍ እንዲጻፍ ያደረገው የመንግሥት መመሪያ ነው። በኤፕሪል 1959 በቢተርፌልድ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሠራተኛው ብዕር እንዲያነሣ፣ ደራሲውም ወደ ፋብሪካ እንዲገባ ጥሪ ተላለፈ። ቮልፍ በዚያን ጊዜ በሃለ ከተማ ትኖር ስለነበር በአቅራቢያው ባለው በአመንዶርፍ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ከአንድ የሠራተኞች ብርጌድ ጋር ዋለች። የልቦለዱ ጀግና ሪታ ሳይድል በፉርጎ ፋብሪካ የምትሠራ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ናት። ፍቅረኛዋ ማንፍሬድ ኬሚስት ነው፤ የደከመበት የፈጠራ ሥራ ተቀባይነት ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ወደ ምዕራብ በርሊን ይሄዳል። ሪታ በኦገስት 1961 መጀመሪያ በአንድ እሑድ በባቡር ሄዳ ታየዋለች፤ ከእሱ ጋር መቅረት ትችላለች፤ ግን ትመለሳለች። የበርሊን ግንብ ሥራ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ኦገስት 13 ቀን፣ እሱም እሑድ ነው።

ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ የቀን መቁጠሪያ አጠገብዎ ያድርጉ። ግንቡ ሲሠራ በልቦለዱ ውስጥ አይታይም። ታሪኩ የሚጀምረው በዚያው ኦገስት መጨረሻ ሪታ በሆስፒታል አልጋ ላይ ስትነቃ ነው፤ በፋብሪካው ሐዲድ ላይ ወደ እርስ በርሳቸው በሚገፉ ሁለት ፉርጎዎች መካከል ወድቃ ነበር። ደራሲዋ የሳተችው ነው ወይስ ራሷን የጣለችው ብላ አትነግረንም። ሲለያዩ ማንፍሬድ ቢያንስ ሰማዩን ሊከፍሉት አይችሉም ይላታል፤ እሷ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው ሰማዩ መሆኑን ትመልስለታለች። መጽሐፉ የሃይንሪሽ ማን ሽልማትን አገኘ፤ ጸሐፊዋም በዚያው ዓመት የማዕከላዊ ኮሚቴው ተለዋጭ አባል ሆነች። ይህን ሲያዩ መጽሐፉ ፓርቲውን ያስደሰተ ተራ ሥራ ነው ብለው አይደምድሙ፤ የሪታን ውሳኔ ከፉርጎዎቹ ጋር አስተያይተው ያንብቡት።

በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው የትርጉሙን ዓመት ይመልከት። በስድሳዎቹ ዓመታት በምሥራቅ በርሊን የወጣው ትርጉም ከመጀመሪያው ጽሑፍ በብዙ ቦታ የራቀ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ ትርጉም ይመረጣል። በ1964 የተሠራው ፊልምም ጥሩ አጋዥ ነው። ስለ ፊልሙ ሲያነቡ ግን በስም መመሳሰል እንዳይሳሳቱ፦ ዳይሬክተሩ ኮንራድ ቮልፍ የደራሲዋ ዘመድ አይደለም፤ የምሥራቅ ጀርመን የውጭ ስለላ ኃላፊ የነበረው ማርኩስ ቮልፍ የዳይሬክተሩ ወንድም ነው፤ ወደ ኋላ የምናገኘው ዘፋኝ ቮልፍ ቢርማን ደግሞ «ቮልፍ» የመጀመሪያ ስሙ ነው።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ከመሻገርዎ በፊት በዲሴምበር 1965 ላይ ጥቂት ይቆዩ። በዚያ ወር በተደረገው 11ኛው የማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ፊልሞች፣ ቴአትሮችና ልቦለዶች በጅምላ ተወገዙ። ከተወገዙት አንዱ ቬርነር ብሮይኒግ ስለ ዩራኒየም ማዕድን ሠራተኞች የጻፈው፣ ገና ቅንጫቢው ብቻ የታተመ ልቦለድ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ተነሥታ የተከራከረችለት ክሪስታ ቮልፍ ናት። በተለዋጭ አባልነቷ ብዙ አልቆየችም። የብሮይኒግ ልቦለድ በሙሉ የታተመው በ2007 ነው፤ ደራሲው ከሞተ 31 ዓመት በኋላ፤ መግቢያውን የጻፈችው እሷ ናት። የሁለቱን ቀኖች ርቀት በአንድ ምሳሌ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ አያገኝም።

ስለ ክሪስታ ቲ.

ጊዜ ኖሮዎት አንድ መጽሐፏን ብቻ ሁለት ጊዜ ማንበብ ከቻሉ «ስለ ክሪስታ ቲ. ማሰላሰል» የተባለው ይሁን።

ተራኪዋ በደም ካንሰር የሞተች ጓደኛዋን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች ይዛ ሕይወቷን ለመጻፍ ትሞክራለች። ጓደኛዋ ሞታ የቀረችው በ35 ዓመቷ ነው፤ ያከናወነችው ትልቅ ነገር የለም፤ አስተማረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ በሐይቅ ዳር ቤት ሠራች፣ ጥቂት ጻፈች፣ የጻፈችውንም አልጨረሰችም። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱን ቀረብ ብለው ይዩት። ጊዜው የጦርነቱ መጨረሻ ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው በመንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ አዲሲቱ ልጅ ክሪስታ ቲ. ድንገት ጋዜጣ ጠቅልላ እንደ መለከት ወደ አፏ ታደርግና በመንገዱ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮኻለች። በቃ ይኸው ነው። ምንም ምክንያት የለውም፤ ሰልፍ አይደለም፣ መፈክር አይደለም። ተራኪዋ ግን ያን ጩኸት ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ በሚጮኽበት አገር አንዲት ልጅ ለብቻዋ፣ ለራሷ ደስታ ጮኻለችና። የተጠቀለለው ጋዜጣ ምን ዓይነት ጋዜጣ ሊሆን እንደሚችልም፣ ዘመኑን አስበው፣ አንድ አፍታ ያሰላስሉ።

በመጀመሪያው ንባብ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። በሁለተኛው እርሳስ ይዘው ተራኪዋ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም»፣ «እንዲህ ነበር ልበል» የምትልባቸውን ቦታዎች ሁሉ ያስምሩባቸው፤ ብዙ ናቸው። ሰው ሁሉ ታሪኩ በግለ ታሪክ ቅጽ ተሞልቶ በፋይል በሚቀመጥበት አገር፣ አንዲት ጸሐፊ ስለ ጓደኛዋ «እርግጠኛ አይደለሁም» እያለች መጻፏ ራሱ ድፍረት ነበር። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የሰፈረው ጥቅስ፣ ሰው ወደ ራሱ መምጣቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የባህል ሚኒስትር የነበረው የዮሃነስ ቤሸር ነው። ቮልፍ ጥያቄዋን የወሰደችው ከመንግሥቱ ከራሱ አፍ ነው።

ረቂቁ በ1967 አልቆ ነበር፤ በመጽሐፉ ላይ የታተመው ዓመት 1968 ነው፤ ኅትመቱ ግን ከተጀመረ በኋላ ተገታ፤ ለአንባቢ የደረሰውም ጥቂት ቅጂ ብቻ ነበር። በ1969 በደራሲያን ጉባኤ ላይ ተወገዘ፤ የአሳታሚው ድርጅት ኃላፊም በፓርቲው ጋዜጣ ላይ ግለ ሂስ አቀረበ። በዚያው ዓመት የምዕራብ ጀርመኑ ሃያሲ ማርሴል ራይሽ-ራኒትስኪ ክሪስታ ቲ. የሞተችው በደም ካንሰር ቢሆንም የታመመችው በምሥራቅ ጀርመን ነው የሚል ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ጻፈ። ዐረፍተ ነገሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኔ ግን መጽሐፉን ያጠበበው ይመስለኛል፤ በምሥራቅ ደራሲዋን ለጉዳት አጋለጣት፣ በምዕራብ ደግሞ አንባቢው መጽሐፉን የተቃውሞ ወረቀት አድርጎ እንዲያነብ አስለመደው። ቲ. ያቺን አገር የምትወድ፣ ሆኖም በእሷ ልክ ያልተሰፋች ሴት ናት። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ሰምና ወርቅ አንድ ማሳሰቢያ

በቅኔ ባህል ውስጥ ያደገ አንባቢ በሳንሱር ሥር የተጻፈ መጽሐፍ ሲያገኝ ወዲያው ሰሙን ገፎ ወርቁን መፈለግ ይጀምራል። ይህ ልማድ ከሌሎች የምሥራቅ ጀርመን ጸሐፊዎች ጋር ሊጠቅም ይችላል፤ ከቮልፍ ጋር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳስታል። እሷ የምትለውን በግልጽ ትላለች፤ የምትደብቀው የላትም። በግልጽ የሚነበበው ራስን የመመርመር ጉዳይ ነበር ለባለሥልጣኖቹ የከበዳቸው። እያንዳንዱን ሰው የአንድ ባለሥልጣን ምሳሌ፣ እያንዳንዱን ሕመም የሥርዓቱ ምሳሌ አድርጎ የሚፈታ አንባቢ የጋዜጣውን መለከት ሳይሰማው ያልፋል።

በሦስት መደብ የተጻፈ ልጅነት

«የልጅነት ንድፍ» በ1976 የወጣ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ በሁለት የተለያዩ ርእሶች ስለሚገኝ ሁለት መጽሐፍ እንዳይመስልዎ። ሦስት ጊዜዎች በአንድነት ይጓዙበታል። አንደኛው ኔሊ የምትባል ልጅ በሂትለር ዘመን ያደገችበት ነው፤ ስለ እሷ የሚወራው በሦስተኛ መደብ፣ «እሷ» እየተባለ ነው። ሁለተኛው ተራኪዋ በጁላይ 1971 ከባሏ፣ ከወንድሟና ከልጇ ጋር አሁን የፖላንድ ወደሆነችው የትውልድ ከተማዋ ያደረገችው የሁለት ቀን ጉዞ ነው፤ በዚህ ራሷን «አንቺ» ትላለች። ሦስተኛው መጽሐፉ የሚጻፍበት ጊዜ፣ ከኖቬምበር 1972 እስከ ሜይ 1975 ያለው ነው። «እኔ» የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ አይገኝም።

በእንግሊዝኛ «አንቺ»ና «እናንተ» ስለማይለዩ የዚህ አጻጻፍ ጉልበት ይለዝባል። የአማርኛ አንባቢ ግን እንደ ጀርመንኛው ይሰማዋል፤ እንዲያውም ይበልጥ፤ ግሳችን ራሱ መደቡን ይዞ ስለሚመጣ «አየሽ፣ ሄድሽ፣ ዝም አልሽ» ሲባል ወቀሳው ጆሮ ውስጥ ይገባል። አንድ ገጽ መርጠው ለራስዎ ወደ አማርኛ ይመልሱት። ሰው ራሱን «አንቺ» እያለ ሲጠራ በምን ያህል ርቀት እንደሚቆም ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳይዎታል። በምሥራቅ ጀርመን ፋሺዝም የሌሎች፣ ማለትም የምዕራቦቹ፣ ታሪክ ተደርጎ ይነገር በነበረበት ጊዜ ይህች ጸሐፊ «እኔም ነበርኩበት» ለማለት መንገድ እየፈለገች ነበር።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፣ በኖቬምበር 1976፣ ቮልፍ ቢርማን በኮሎኝ የሙዚቃ ዝግጅት ካቀረበ በኋላ ዜግነቱ ተገፈፈ። ክሪስታና ጌርሃርድ ቮልፍን ጨምሮ ጥቂት ደራሲያን ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። ጌርሃርድ ከፓርቲው ተባረረ፤ ክሪስታ ጥብቅ ወቀሳ ደረሳት። ደራሲያኑ ዛራ ኪርሽና ዩሬክ ቤከር በ1977፣ ጉንተር ኩነርት በ1979 አገሪቱን ለቀቁ። እሷ ቀረች። «የሚቀረው» የተጻፈው በዚህ ብቸኝነት ውስጥ ነው፤ ስለ ጀርመናዊው ደራሲ ክላይስትና ስለ ገጣሚዋ ጉንደሮደ የሚያወራው «ቦታ የለም። የትም።» የተባለው አጭር ሥራም እንዲሁ።

የካሳንድራ ነጥቦች

አሁን «ካሳንድራ»ን መክፈት ይችላሉ። በ1983 የወጣ ነው፤ ለሶቪየት ኤስኤስ-20 ሚሳይሎች መልስ ሆነው የአሜሪካ ፐርሺንግ ሚሳይሎች በምዕራብ ጀርመን አፈር ላይ መተከል የጀመሩበት ዓመት። መጽሐፉ እንዲህ ይጀምራል፦ «እዚህ ነበር። የቆመችው እዚህ ነበር።» ስለ ሦስተኛ ሰው ነው የሚወራው፤ አሁን ራስ አልባ የሆኑት የድንጋይ አንበሶች ያኔ እሷን አይተዋታል ይላል። ጥቂት መስመር ወረድ ሲሉ «ይህን እየተረክሁ ወደ ሞት እሄዳለሁ» ይላል። «ቆመች» ያለው ድምፅ «እሄዳለሁ» ሆኗል። ከዚያ እስከ መጨረሻው የሚናገረው ያ ድምፅ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅ እያሰሙ ያንብቡት።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለሰምና ወርቅ ፈላጊው የሚበቃ ነገር አለ። የቤተ መንግሥቱ የጥበቃ ኃላፊ ኤውሜሎስ ቁጥጥሩን ከቤተ መንግሥቱ አልፎ በከተማዋ ላይ ይዘረጋል፤ «ጦርነት» የሚለው ቃል እንዳይነገር ይታዘዛል፤ ሕዝቡ የሚዋጋላት ሄለን በትሮይ ውስጥ የለችም፣ ይህን የሚያውቁ ደግሞ ዝም ይላሉ። ነገር ግን ካሳንድራ የንጉሡ ልጅ መሆኗን አይርሱ። አባቷን ትወዳለች፣ ቤተ መንግሥቱን ትወዳለች፣ ለረጅም ጊዜ ያየችውን ላለማየት ትታገላለች። ደራሲዋ የራሷን ታሪክ ያኖረችው በዚህ ውስጥ ነው።

ከልቦለዱ ጋር በ1982 በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ የሰጠቻቸው ንግግሮች አሉ፤ በእንግሊዝኛው ትርጉም ከልቦለዱ ጋር በአንድ ጥራዝ ይገኛሉ፤ አይዝለሏቸው። በምሥራቅ ጀርመኑ ዕትም በሦስተኛው ንግግር ውስጥ በአንድ ወገን ብቻም ቢሆን ትጥቅ ስለመፍታት የሚናገሩ መስመሮች ተቆርጠዋል። ሆኖም ደራሲዋ ቁርጡ እንዲታይ ጠይቃ በየቦታው ነጠብጣብ እንዲገባ አድርጋለች። የምሥራቅ አንባቢ ነጠብጣቡን ሲያይ የጎደለ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ የምዕራቡን ዕትም ያገኘ ሰው የጎደለውን ገልብጦ ለወዳጁ ይሰጣል። ሁለቱን ዕትሞች ጎን ለጎን የማየት ዕድል ካገኙ፣ ስለዚያች አገር የኅትመት ሥራ ከእነዚያ ነጠብጣቦች የበለጠ የሚነግርዎት ነገር አያገኙም።

ፋይሎቹን እንዴት እንያዛቸው?

አሁን ወደ ጀመርንበት ወደ «የሚቀረው» እንመለስ። ኡልሪሽ ግራይነርና ፍራንክ ሺርማኸር የተባሉ የምዕራብ ጀርመን ጋዜጠኞች መጽሐፉን አጥብቀው ተቹ፤ በ1979 ቢታተም ጀግንነት የነበረው ነገር በ1990 ራስን የተበዳይ ማስመሰል ሆኗል አሉ። የምሥራቅ ጀርመን ደራሲያን ሥራ በሙሉ የሚመዘንበት ክርክር ሆነ። ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 1993፣ ቮልፍ ራሷ በጋዜጣ ላይ ከ1959 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ከደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከሽታዚ ጋር በመረጃ ሰጪነት መገናኘቷን፣ «ማርጋሬተ» የሚል የምስጢር ስምም እንደነበራት ገለጠች። ፋይሉ ቀጭን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በእሷ ጠቃሚነት ብዙ አልረካም። ከ1969 ጀምሮ በእሷና በባሏ ላይ የተከፈተው የክትትል ፋይል 42 ጥራዝ ነው።

አንዳንዱ 42ቱን ጥራዝ ጠርቶ ቀጭኑን ሊሸፍን ይፈልጋል፤ ሌላው በቀጭኑ ፋይል መጻሕፍቷን ሁሉ ሊዘጋ ይፈልጋል። ሁለቱም ንባብን ያቆማሉ። እኔ የምለው ፋይሉን እንደ ሌላ ጽሑፍ ከነቀኑ በመደርደሪያው ላይ በቦታው ያስቀምጡት ነው፦ ከ«የተከፈለው ሰማይ» በፊት፣ ከ1965ቱ ስብሰባ በፊት፣ ከቢርማን ደብዳቤ 14 ዓመት በፊት። በዚያ ቦታ ሲቀመጥ የ30 ዓመት ወጣት፣ እምነቷ ያልተነካ የፓርቲ አባል ምን ማድረግ እንደምትችል ያሳያል፤ ጥፋቱም ጥፋት ሆኖ ይቆያል። እሷን ይበልጥ ያስጨነቃት ነገሩን ፈጽሞ መርሳቷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ማስታወስ የጻፈች ሴት ይህን እንዴት ረሳችው? በ2010 የወጣው፣ በሎስ አንጀለስ የሚካሄደው «የመላእክት ከተማ» የተባለው የመጨረሻ ትልቅ ሥራዋ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መጽሐፉ ረጅም ነው፣ በየቦታው ይባክናል፤ ቢሆንም ከሌሎቹ በኋላ ይነበብ።

ስለ ቼርኖቢል አደጋ የሚያወራው የ1987ቱ ሥራና የ1996ቱ «ሜዲያ» በማንኛውም ቅደም ተከተል ሊነበቡ ይችላሉ።

አጠገብ የሚቀመጠው መጽሐፍ

ይህን ሁሉ ሲያነቡ ከአጠገብዎ የማይለይ አንድ ጥራዝ አለ፤ «በዓመት አንድ ቀን» ይባላል። በ1935 ማክሲም ጎርኪ የዓለም ጸሐፊዎች የሴፕቴምበር 27ን ውሏቸውን እንዲጽፉ ጥሪ አድርጎ ነበር፤ በ1960 የሞስኮው ኢዝቬስቲያ ጋዜጣ ጥሪውን አደሰው። ቮልፍ ተቀበለችው፤ ከዚያም በየዓመቱ በዚያ ቀን ጻፈች። እስከ 2000 ያሉት 41 ቀኖች በ2003 ታተሙ፤ የቀሩት ከሞተች በኋላ ወጡ። ቀኑ ለእኛ የማይረሳ ነው፤ ሴፕቴምበር 27 በአብዛኛው ዓመት መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት ነውና።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንድ ልቦለድ ሲጀምሩ በተጻፈበት ዓመት ያለውን ቀን መጀመሪያ ያንብቡ፤ ልቦለዱን ሲጨርሱ በታተመበት ዓመት ያለውን። በሁለቱ መካከል ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ፣ ምን እንደተፈቀደና ምን እንዳልተፈቀደ በእሷ በራሷ እጅ ተጽፎ ያገኙታል፤ ከገበያው፣ ከልጆቹና ከምሳው ጋር ተደባልቆ። ለመለማመድ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1960 በዋለው ማክሰኞ፣ ይጀምሩ። ቤቱ በሃለ ነው። ትንሿ ልጅ እግሯን ስለታመመች ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው፤ እናቲቱ ገና ዓይኗን ስትገልጥ ቀኑ እንዳሰበችው እንደማይሄድ ታውቃለች፤ ፉርጎ ፋብሪካውም ይጠብቃታል። ከዚያ ገጹን ይግለጡና የ1961ን ቀን ያንብቡ፤ ግንቡ ከቆመ ስድስት ሳምንት አልፎታል።